«ተገናኝቷል» ሲባል ምን ማለት ነው? የገመድ አልባ መረብ ስያሜዎች በትንንሽ የሊኑክስ መሣሪያዎች

1. መግቢያ

የአንድን ሙያ ቃላት ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው ለባዕዱ ቃል አቻ በመፈለግ ነው። ይሁን እንጂ ከአቻ ፍለጋው በፊት መቅደም የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቃሉ የሚሰይመው ድርጊት በሥራው ሂደት ውስጥ በስንተኛው ደረጃ ላይ ይፈጸማል? የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሳይነሣ የወጡ ስያሜዎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲታዩ ያማሩ ሊመስሉ ይችላሉ፤ አንድ ላይ ሲሰለፉ ግን እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ ወይም ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን በትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ የገመድ አልባ መረብ ግንኙነት የሚመራበት ሙያ ነው። በዚህ ሙያ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ድርጊቶች በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተከታትለው ይፈጸማሉ። አምስቱም በዕለታዊ ንግግራችን «መገናኘት» በሚለው ግስ ይጠቃለላሉ። ሁሉም ነገር በደኅና ሲሠራ ይህ ጥቅል ቃል ማንንም አይጎዳም። ሥራው መንገድ ላይ ሲቋረጥ ግን ተጠቃሚው የትኛው ደረጃ ላይ እንደ ቆመ የሚያውቀው በቃሉ ብቻ ነው፤ ቃሉ ደረጃዎቹን ካልለየለት ስሕተቱን በሌለበት ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

በዚህ ጽሑፍ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ እንገልጻለን፤ ለእያንዳንዱም ከአማርኛው ሀብት ውስጥ ይስማማል ያልነውን ስያሜ ከነምክንያቱ እናቀርባለን።

2. መሣሪያዎቹና ፕሮግራሞቹ

ሊኑክስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው በሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረ የሥርዓተ ክወና አስኳል ነው። ማንም ሰው ወስዶ እንደ ፍላጎቱ ሊያስተካክለው ስለሚችል ዐቅማቸው ውሱን በሆነ መሣሪያዎች ላይ ሳይቀር ተሠራጭቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ ለገበያ የቀረበው ራዝቤሪ ፓይ የመታወቂያ ካርድ የሚያህል ኮምፒውተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሦስተኛው ሥሪቱ የገመድ አልባ መገናኛን ከራሱ ጋር ይዞ መጥቷል። ቀደም ሲል በአንዳንድ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለሕፃናት የታደለው ኤክስኦ የተባለው ኮምፒውተርም የሚሠራው በሊኑክስ ነበር፤ የመጀመሪያው ሥሪት የማስታወሻ መጠን 256 ሜጋባይት ብቻ ነበር። በየኪሳችን የምንይዛቸው የአንድሮይድ ስልኮችም አስኳላቸው ሊኑክስ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ባለሙያዎች ብቻ አይደለም።

ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ማያ የላቸውም። እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን መሣሪያ «ራስ የሌለው» ይለዋል። ቃል በቃል ቢመለስ «ራስ አልባ» የሚል የሚያስደነግጥ ሐረግ ስለሚሆን «ማያ አልባ» ብንለው ይሻላል። ማያ አልባ መሣሪያ የሚታዘዘው ከሌላ ኮምፒውተር በሚላክ ጽሑፍ ነው፤ የሚመልሰውም ጽሑፍ ነው። ቀይና አረንጓዴ ምልክት፣ የሞገድ ሥዕል፣ የሚሽከረከር ክብ የለውም። ሁኔታውን የሚገልጸው በቃላት ብቻ በመሆኑ የስያሜ ጉድለት ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው በእርሱ ላይ ነው።

የገመድ አልባ መረብን የሚመሩት ፕሮግራሞች በርካታ ናቸው። ፊንላንዳዊው ዮውኒ ማሊነን የደረሰው «ደብሊው ፒ ኤ ሰፕሊካንት» የቁልፍና የማረጋገጥን ሥራ ያከናውናል። የሬድ ሃት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው «ኔትወርክ ማናጀር» ጠቅላላውን የመረብ ግንኙነት ያስተዳድራል። የኢንቴል ኩባንያ ያስጀመረው «ኮንማን» በተለይ ጥቂት ማስታወሻ ላላቸው መሣሪያዎች ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ከኢንቴል የወጣውና እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያው ሙሉ ሥሪት ላይ የደረሰው «አይ ደብሊው ዲ» ደግሞ የሰፕሊካንቱን ሥራ ባነሰ ዐቅም ለማከናወን የተጻፈ ነው። የራዝቤሪ ፓይ ሥርዓተ ክወና እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በወጣው ሥሪቱ ኔትወርክ ማናጀርን መደበኛ አስተዳዳሪው አድርጎታል።

እዚህ ላይ ስለ ሁለት የተለመዱ ቃላት በአጭሩ እንናገር። «ገመድ አልባ» የሚለው ስያሜ ከግእዙ «አልባ» ጋር ተጣምሮ የተሠራ፣ ዛሬ በሕዝቡ ዘንድ የተለመደ ቃል ነው፤ ሬዲዮንም ብሉቱዝንም ጭምር የሚያጠቃልል ሰፊ ስም መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። «ዋይፋይ» በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ለጸደቀው የቴክኒክ ደረጃ በ1999 የወጣለት የንግድ መለያ ስም ነው። የንግድ ስም ስለማይተረጐም በውሰት ቃልነቱ ይቀጥል እንላለን።

3. አምስቱ የግንኙነት ደረጃዎች

ሀ. ቅኝት

መሣሪያው በመጀመሪያ በአካባቢው የትኞቹ ማገናኛ ጣቢያዎች እንዳሉ ማወቅ አለበት። ለዚህ ድርጊት «ፍተሻ»፣ «አሰሳ» እና «ቅኝት» የሚሉ አማራጮች ይቀርባሉ። ፍተሻ ኪስንና ዕቃን ከመበርበር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ያልተፈቀደ ምርመራ ያስመስለዋል። አሰሳ የጠፋን አንድ የታወቀ ነገር መፈለግን ያመለክታል። ቅኝት ግን አካባቢን ዞሮ ማየት ነው፤ ከዚህም ሌላ «ቃኘ» የሚለው ግስ ክራርን ማስማማትንም ስለሚገልጽ ከሞገድ ወደ ሞገድ እየተዘዋወሩ ማዳመጥን በጥሩ ሁኔታ ይሸከማል።

ቅኝት ሁለት ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ማገናኛ ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ በየ102.4 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ ዐሥር ጊዜ ያህል፣ መኖሩን የሚያስታውቅ አጭር መልእክት ያሠራጫል። ይህን መልእክት «ፋና» እንበለው፤ መንገደኛ ከሩቅ አይቶ የሚመራበት ብርሃን ነውና። መሣሪያው በየሞገዱ ዝም ብሎ ፋናዎችን ሊጠባበቅ ይችላል፤ ወይም ራሱ «ማን አለ?» የሚል ጥሪ ልኮ ምላሽ ሊቀበል ይችላል። እንግሊዝኛው የፊተኛውንና የኋለኛውን የሚለይባቸው ቅጽሎች በሰዋስው ትምህርት «ተገብሮ» እና «ገቢር» ብለን ከምንመልሳቸው ቃላት ጋር አንድ ናቸው። ተርጓሚም እነዚህኑ ለማምጣት ይፈተናል። ነገር ግን «ተገብሮ ቅኝት» ቢባል አንባቢው መሣሪያው በሌላ ተቃኘ ብሎ ይረዳል፤ በሁለቱም ጊዜ ግን ቃኚው መሣሪያው ራሱ ነው። ስለሆነም «የማዳመጥ ቅኝት» እና «የመጥራት ቅኝት» የሚሉትን እንመርጣለን።

ልዩነቱ በሥራ ላይ ውጤት አለው። በአንዳንድ የሞገድ መስመሮች ላይ ሕግ መሣሪያው ሳያዳምጥ እንዳይጣራ ይከለክላል። በሌላ በኩል ስሙን በፋናው ላይ የማይገልጽ መረብ በማዳመጥ ብቻ በስሙ አይታወቅም፤ በስሙ መጠራት አለበት።

ለ. ቁርኝት

ከተገኙት ጣቢያዎች አንዱ ሲመረጥ መሣሪያው በዚያ ጣቢያ መዝገብ ላይ ይገባል። የእንግሊዝኛው ቃል በሌላ ቦታ «ማኅበር» ተብሎ የሚመለሰው ነው፤ ማኅበር ግን የብዙዎች ስብስብ ስለሆነ እዚህ ቦታ የለውም። የዚህ ደረጃ ዋና ባሕርይ አንድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ከአንድ ጣቢያ ጋር ብቻ መያያዙ ነው። «ቁርኝት» ይህንን በትክክል ይገልጻል። በቀድሞው የአገራችን የፍርድ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ አንድ ላይ ታስረው ዳኛ ፊት የሚቀርቡበት «ቁራኛ» የተባለ ልማድ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው አይንቀሳቀስም፤ ሦስተኛም አይጨመርበትም። ከዚሁ ሥር የወጣው «ቁርኝት» ዛሬ ከቅጣት ትርጕም ተላቅቆ የጠበቀ ትስስርን ያመለክታል።

መሣሪያው እየተንቀሳቀሰ ተመሳሳይ ስም ካላቸው ጣቢያዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ «ሽግግር» እንለዋለን። በስልክ አገልግሎት «ሮሚንግ» የተባለው በሌላ ድርጅት መረብ መስተናገድ ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል አንድ ቢሆንም ነገሮቹ ሁለት ስለሆኑ በአማርኛ ለይቶ መሰየም ይጠቅማል።

ቁርኝት ብቻውን ምንም መረጃ አያስተላልፍም። በርን አንኳኩቶ «ማነው?» እንደ መባል ነው፤ ገና ወደ ቤት አልተገባም።

ሐ. ባለ አራት መልእክት ምልልስ

ቀጥሎ ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት ቁልፍ እንዳላቸው ይረጋገጣሉ። እንግሊዝኛው ይህን ድርጊት ከእጅ መጨባበጥ ጋር አመሳስሎ ይጠራዋል፤ «አራት» የሚል ቅጽልም ያክልበታል። ይህ ቅጽል «ባለ አራት አቅጣጫ» ተብሎ ሊተረጐም ይችላል፤ ስሕተት ነው። የሚነጋገሩት ሁለት ወገኖች ብቻ ናቸው፤ አራቱ መልእክቶቹ ናቸው።

አካሄዱ እንደሚከተለው ነው። የይለፍ ቃሉ ራሱ በአየር ላይ አይላክም፤ መሣሪያውም ጣቢያውም ከይለፍ ቃሉና ከመረቡ ስም አስልተው ያወጡት ቁልፍ በየራሳቸው ዘንድ አለ። በመጀመሪያው መልእክት ጣቢያው አንድ የዕጣ ቁጥር ይልካል። በሁለተኛው መሣሪያው የራሱን የዕጣ ቁጥር ይልካል፤ መልእክቱንም ከቁልፉ በተሠራ ማኅተም ያትመዋል። ጣቢያው ማኅተሙን መርምሮ ትክክል ሆኖ ሲያገኘው በሦስተኛው መልእክት በመረቡ ላይ ያሉ ሁሉ የሚጋሩትን ቁልፍ በራሱ ማኅተም አትሞ ይልካል። በአራተኛው መሣሪያው መቀበሉን ያረጋግጣል። ሰላምታ ከመለዋወጥ ይልቅ ነገሩ ጥያቄና መልስ ስለሚመስል «ምልልስ» ብለነዋል፤ ቃሉ «ቃለ ምልልስ» በሚለው ጥምር ውስጥ ለአንባቢው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ሦስተኛው የጥበቃ ደረጃ የይለፍ ቃሉ ማስረጃ ከቁርኝት በፊት በሌላ ዘዴ እንዲሰጥ አድርጓል፤ ባለ አራት መልእክት ምልልሱ ግን ከዚያ በኋላም ይፈጸማል።

በዚህ ደረጃ ላይ ለተርጓሚ ትልቅ ትምህርት የሚሆን ነገር አለ። ምልልሱ ሲከሽፍ ደብሊው ፒ ኤ ሰፕሊካንት የሚያወጣው መግለጫ ምልልሱ መክሸፉንና የጋራው ቁልፍ ትክክል ላይሆን እንደሚችል ይናገራል። «ላይሆን ይችላል» የሚለው ጥርጣሬ ለአነጋገር ማለስለሻ የገባ አይደለም። ጣቢያው የተበላሸ ማኅተም ሲደርሰው «ቁልፍህ ስሕተት ነው» ብሎ አይመልስም፤ መልእክቱን ዝም ብሎ ይጥለዋል፤ የመጀመሪያውንም መልእክት ይደግማል፤ በመጨረሻም ግንኙነቱን ያቋርጣል። መሣሪያው የሚያየው ሦስተኛው መልእክት አለመምጣቱን ብቻ ነው። ያልመጣው ቁልፉ ስለ ተሳሳተ ሊሆን ይችላል፤ ሞገዱ ደካማ ሆኖ መልእክቱ መንገድ ላይ ስለ ጠፋም ሊሆን ይችላል። ተርጓሚው ዐረፍተ ነገሩን ለማሳጠር ብሎ «የይለፍ ቃሉ ስሕተት ነው» ቢለው ፕሮግራሙ የማያውቀውን ያስመሰክረዋል። ተጠቃሚውም ትክክለኛውን ቃል ደጋግሞ ሲጽፍ፣ አልፎ ተርፎም ሳያስፈልግ ሲለውጥ ይውላል። መሣሪያውን ሁለት ሜትር ቢያቀርበው ግን ይሠራለት ነበር።

መ. የአድራሻ ውሰት

ከዚህ በኋላ መሣሪያው በመረቡ ላይ የሚጠራበት የቁጥር አድራሻ ያስፈልገዋል። አድራሻውን የሚሰጠው አገልግሎት ለተወሰነ ጊዜ ነው የሚሰጠው። የእንግሊዝኛው ቃል የቤት ውል ቋንቋ በመሆኑ «ኪራይ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ኪራይ ግን ክፍያን ያስከትላል፤ እዚህ ክፍያ የለም። «ብድር» ብንለውም አይሆንም፤ ብድር የተወሰደው በምትኩ የሚመለስበት ነው፤ ገንዘብ ወይም እህል የተበደረ ያንኑ ብር ወይም ያንኑ ፍሬ አይመልስም። አማርኛ ግን የተወሰደው ዕቃ ራሱ ለሚመለስበት ሁኔታ ለብቻው «ውሰት» የሚል ቃል አለው። ጎረቤት ወንፊት ሲዋስ ያንኑ ወንፊት ይመልሳል። አድራሻውም እንዲሁ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ያው ቁጥር ራሱ ወደ አዋሹ ይመለስና ለሌላ መሣሪያ ይሰጣል። እንግሊዝኛው ያልለየውን አማርኛው ለይቶ የያዘበት ቦታ ይህ ነው። የቋንቋ ባለሙያዎች «የውሰት ቃል» የምንለው ግን እንደ ወጣ የሚቀር መሆኑን አንባቢያን ሳያስተውሉት አይቀሩም።

ልውውጡ አራት ድርጊቶች አሉት፤ እነርሱም ፍለጋ፣ ስጦታ ማቅረብ፣ ጥያቄና ማጽደቅ ናቸው። ከውሰቱ ዘመን ግማሹ ሲያልፍ መሣሪያው «እንዲታደስልኝ» ብሎ አዋሹን ይጠይቃል። አዋሽ ሳይገኝ ሲቀር አንዳንድ ፕሮግራሞች ለመሣሪያው በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ራሳቸው ይሰጡታል። ይህን ቁጥር ያየ ሰው አድራሻ መኖሩን እንጂ ማንም ያላዋሰው መሆኑን ላይገነዘብ ይችላል። ስለዚህ መግለጫው «አድራሻ ተገኝቷል» በሚል ብቻ እንዳይቆም፣ «በውሰት የተገኘ» እና «ለራስ የተሰጠ» ተብሎ እንዲለይ እንመክራለን።

ሠ. እስከ ኢንተርኔት መድረስ

የመጨረሻው ደረጃ መሣሪያው ከቅርቡ መረብ አልፎ ወደ ኢንተርኔት መድረሱን መፈተን ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ አስቀድሞ የሚያውቀውን አንድ ገጽ ይጠይቅና የሚጠበቀው መልስ መምጣቱን ያያል። በሆቴልና በአውሮፕላን ማረፊያ በምትኩ የሚመጣው ስም አስመዝግብ፣ ክፈል ወይም ውሉን ተቀበል የሚል ገጽ ነው። የእንግሊዝኛው ስያሜ ምርኮን የሚጠቅስ ቅጽል ስላለበት «የተማረከ በር» ተብሎ ቢመለስ ገጹ ራሱ የተማረከ ይመስላል፤ የታገተው ግን ተጠቃሚው ነው። አማርኛ ለዚህ ከጥንት ጀምሮ «ኬላ» አለው። ነጋዴ ኬላ ላይ ይቆማል፤ የሚጠየቀውን ያሟላል፤ ያልፋል። «የኬላ ገጽ» ከተባለ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

4. «ዝግጁ» እና «መስመር ላይ»

ኮንማን የእያንዳንዱን መረብ ሁኔታ በሰባት ቃላት ይገልጻል። ከእነዚህ መካከል ለተርጓሚ አስቸጋሪ የሚሆኑት በእንግሊዝኛ «ዝግጁ» እና «መስመር ላይ» የሚል ትርጕም ያላቸው ሁለቱ ናቸው። የፊተኛው አራተኛው ደረጃ ሲፈጸም የሚሰጥ ነው፤ መሣሪያው አድራሻ አለው፤ ከቅርቡ መረብ ጋርም መነጋገር ይችላል። የኋለኛው የሚሰጠው አምስተኛው ደረጃ በፈተና ሲረጋገጥ ነው።

ሁለቱንም «ተገናኝቷል» ብሎ መተርጐም የሚያስከትለው ጉዳት ግልጽ ነው። በኬላ ገጽ ላይ የቆመ መሣሪያ ያለፈ ይመስላል። ከማገናኛ ጣቢያው በስተጀርባ ያለው መስመር የተቆረጠበት ተጠቃሚ ደግሞ ጥፋቱን በራሱ መሣሪያ ላይ ይፈልጋል። «ዝግጁ» የሚለውም ብቻውን ለምን እንደ ተዘጋጀ አይናገርም። ስለዚህ የፊተኛውን «ከቅርብ መረብ ተገናኝቷል»፣ የኋለኛውን «እስከ ኢንተርኔት ተገናኝቷል» እንዲባሉ እናቀርባለን። ሐረጎቹ ረዘም ቢሉም «ከ» እና «እስከ» የተባሉት ትንንሽ ቃላት የልዩነቱን ሸክም በሚገባ ይሸከሙታል።

ሥራ ያልጀመረውን ሁኔታ የሚገልጸው ቃልም ጥንቃቄ ይሻል። «ሥራ ፈት» ቢባል ወቀሳ ይሆናል፤ «ዕረፍት ላይ» ማለት ይበቃል።

5. ግንኙነትና የግንኙነት መዝገብ

በኔትወርክ ማናጀር ቋንቋ «ግንኙነት» ተብሎ የሚመለሰው ቃል ከሌሎች ፕሮግራሞች የተለየ ትርጕም አለው። ድርጊቱን አይደለም የሚሰይመው፤ የመረቡ ስም፣ የይለፍ ቃልና የአድራሻ አሰጣጥ በአንድነት ተጽፈው የተቀመጡበትን ሰነድ ነው። መሣሪያው ጠፍቶ እንኳ ሰነዱ በማከማቻው ውስጥ አለ። አንድ መሣሪያ በርካታ ሰነዶች ሊኖሩት ይችላሉ፤ በሥራ ላይ የሚውለው ግን በአንድ የገመድ አልባ መገናኛ ላይ አንዱ ነው።

ይህ ልዩነት ካልተያዘ «ግንኙነቱን ሰርዝ» የሚለው ትእዛዝ አደገኛ ይሆናል። በተራ አማርኛ ግንኙነትን መሰረዝ ማቋረጥ ይመስላልና ተጠቃሚው ቆይቶ መልሶ ሊቀጥለው ያስባል። ትእዛዙ ግን ሰነዱን ከነይለፍ ቃሉ ይደመስሳል። በተራራ ጫፍ ላይ የተተከለ፣ ማያ የሌለው የዝናብ መለኪያ እናስብ፤ ባለሙያው የሚያዝዘው በዚያው በገመድ አልባው መረብ በኩል ነው። ሰነዱ በተደመሰሰበት ቅጽበት መሣሪያው የሚመለስበትን መንገድ ያጣል፤ ሌላ ትእዛዝ የሚቀበልበት በር የለም። ተራራውን መውጣት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ድርጊቱ «ግንኙነት»፣ ሰነዱ «የግንኙነት መዝገብ» ይባል፤ የፊተኛው «ይቋረጣል»፣ የኋለኛው «ይደመሰሳል»። «ሰርዝ» የሚለው ግስ ሁለቱንም ስለሚያወላዳ ከዚህ ዘርፍ ቢወጣ እንመርጣለን።

6. ስለ ጥቂት አስቸጋሪ ስሞች

ሰፕሊካንት፦ የማረጋገጥ ሥርዓቱ ሦስት ወገኖች አሉት፤ እንዲገባ የሚጠይቅ፣ በሩን የያዘ፣ የስም ዝርዝሩን ይዞ የሚፈርድ። የፊተኛው በእንግሊዝኛ ተንበርክኮ የሚለምንን ሰው ያመለክታል። «ለማኝ» ነውር ነው፤ «ተማፃኝ» ጥገኝነትን ያስባል። ማስረጃውን ይዞ ቢሮ የሚቀርበው ሰው «አመልካች» ይባላልና እርሱን እንመርጣለን። በሌላ ዘርፍ አመልካች ጠቋሚ ምልክት ማለት ቢሆንም ከ«አረጋጋጭ» ጋር ጎን ለጎን ሲቆም አያደናግርም። የፕሮግራሙ መጠሪያ ግን ስም ነውና እንዳለ ይቀራል።

ዲመን፦ ከበስተጀርባ ሆኖ ሳያቋርጥ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የወጣ ሲሆን መነሻው የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በሐሳቡ የፈጠረው፣ ቅንጣቶችን ያለ ዕረፍት የሚለይ ፍጡር ነው። «ጋኔን» ብሎ መመለስ በአንባቢያችን ዘንድ ሌላ ዓለም ይከፍታል። «አገልጋይ» ለሌላ ነገር ተይዟል። ጥሪ እስኪመጣ ነቅቶ የሚቆይ በመሆኑ «ተጠባባቂ ፕሮግራም» ብንለው ሥራውን ይገልጻል።

ለስላሳና ጠንካራ እገዳ፦ ሊኑክስ የመሣሪያውን ሬዲዮ በሁለት መንገድ ይዘጋል። አንደኛው በፕሮግራም ትእዛዝ ነው፤ ለምሳሌ አዳዲሶቹ የራዝቤሪ ፓይ ሥሪቶች ተጠቃሚው የሚገኝበትን አገር እስኪያመለክት ድረስ ዋይፋዩን ዘግተው ይጠብቃሉ፤ የሞገድ ሕግ ከአገር አገር ይለያያልና። ሁለተኛው በአካል በሚነካ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። «ለስላሳ» እና «ጠንካራ» የሚሉት ቅጽሎች በአማርኛ ምንም አይነግሩም፤ «ታግዷል» የሚለውም የመንግሥት ክልከላ ያስመስለዋል። «በትእዛዝ ተዘግቷል» እና «በማጥፊያ ተዘግቷል» ከተባለ ተጠቃሚው መክፈቻውን የት እንደሚፈልግ ወዲያው ያውቃል።

7. የቀረቡ ስያሜዎች

ማገናኛ ጣቢያ፦ መሣሪያዎችን በሬዲዮ ሞገድ ተቀብሎ ከመረብ ጋር የሚያገናኝ።
ማያ አልባ መሣሪያ፦ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የሚመራ ኮምፒውተር።
ቅኝት፦ በአካባቢው ያሉ ማገናኛ ጣቢያዎችን ለማወቅ ሞገዶችን መዘዋወር፤ የማዳመጥና የመጥራት ተብሎ ይከፈላል።
ፋና፦ ማገናኛ ጣቢያ መኖሩን የሚያስታውቅበት ተደጋጋሚ መልእክት።
ቁርኝት፦ የአንድ መሣሪያ ከአንድ ማገናኛ ጣቢያ ጋር መያያዝ።
ሽግግር፦ በአንድ መረብ ውስጥ ቁርኝትን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ማዛወር።
ባለ አራት መልእክት ምልልስ፦ ሁለት ወገኖች ቁልፍ እንዳላቸው የሚረጋገጡበት ልውውጥ።
የመልእክት ማኅተም፦ መልእክቱ ቁልፉን ከያዘው ወገን ሳይለወጥ መምጣቱን የሚያሳይ ስሌት።
የአድራሻ ውሰት፦ ለተወሰነ ዘመን የተሰጠ የመረብ አድራሻ፤ ይታደሳል፤ ይመለሳል።
የኬላ ገጽ፦ ወደ ኢንተርኔት ከማለፍ በፊት ግዴታ የሚያስፈጽም ገጽ።
የግንኙነት መዝገብ፦ የአንድ መረብ ስም፣ ቁልፍና ደንብ ተጽፎ የተቀመጠበት ሰነድ።
አመልካች፦ ወደ መረብ ለመግባት ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን።
ተጠባባቂ ፕሮግራም፦ ከበስተጀርባ ሆኖ ጥሪ የሚጠብቅ ፕሮግራም።

8. ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው ቁራኛ ከፍርድ አደባባይ፣ ውሰት ከጎረቤት ወንፊት፣ ኬላ ከነጋዴ መንገድ፣ ቅኝት ከክራር ተገኝተዋል። አንዳቸውም አዲስ የተፈጠሩ አይደሉም። የተገኙትም የእንግሊዝኛውን ቃል ትተን መሣሪያው በዚያ ደረጃ ምን ያደርጋል? ብለን ስለ ጠየቅን ነው። ቃሉን ብቻ ብንከተል ኖሮ ማኅበር፣ ኪራይ፣ የተማረከ በርና ጋኔን ይዘን እንመለስ ነበር።

ተርጓሚ እነዚህን ስያሜዎች ሲሞክር በአንድ ቦታ የሚመቹ፣ በሌላ ቦታ የሚጎረብጡ ሆነው ሊያገኛቸው ይችላል። በተለይ «ሽግግር» እና «አመልካች» በሌሎች ዘርፎች ሰፊ አገልግሎት ስላላቸው በጽሑፍ ውስጥ ተፈትነው መታየት ይኖርባቸዋል። የተሻለ ቃል ያላቸው አንባቢያን ቃሉን ከሚገኝበት አካባቢና ከአገባቡ ጋር ጽፈው ቢልኩልን፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ስም፣ ለእያንዳንዱም ስም አንድ ደረጃ ይኖረው ዘንድ የተጀመረውን ሥራ ያግዛሉ።